ከሰም እስከ አልትራቫዮሌት፦ የሰው ሠራሽ ዝንብ ማጣበቂያ ታሪክ

ሰው ሠራሽ ዝንብ በትንሽ መንጠቆ ላይ ክር፣ ላባ፣ ፀጉርና ሱፍ እየተጠመጠመ ዓሣ የሚመገበውን ነፍሳት ወይም ትንሽ ዓሣ እንዲመስል ሆኖ የሚሠራ ማጥመጃ ሲሆን፣ ክብደት ባለው ገመድ በረጅምና ተጣጣፊ ዘንግ እየተወረወረ በተለይ ትራውትና ሳልመን የሚባሉትን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሦች ለመያዝ ያገለግላል። ይህን ማጥመጃ የሚሠራ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚገጥመው ችግር አንድ ነው፤ በክር የታሰረው ሁሉ ውኃ ሲያርሰው ይላላል፣ በውርወራ ብዛት ይፈታል፣ በዓሣ ጥርስ ይበጠሳል። በዚህ ምክንያት የዝንብ አሠራር ታሪክ ከላባና ከቀለም ምርጫ ባልተናነሰ የማጣበቂያ ታሪክ ነው፤ የዚህም ታሪክ ዋና ክር ማጣበቂያው የሚጠነክርበትን ሰዓት የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ ትረካ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በሦስተኛው መጀመሪያ በሮም የኖረው ክላውዲየስ ኤሊያኑስ፣ ስለ እንስሳት ባሕርይ በግሪክኛ በጻፈው መጽሐፍ የመቄዶንያ ሰዎች አስትራየስ በሚባል ወንዝ ዓሣ እንዴት ያጠምዱ እንደነበር መዝግቧል። እንደ እርሱ ገለጻ አጥማጆቹ ቀይ ሱፍ በመንጠቆው ዙሪያ ይጠመጥሙና ከአውራ ዶሮ ጉሮሮ ሥር የሚበቅሉ፣ ቀለማቸው ሰም የሚመስል ሁለት ላባዎች ያክሉበት ነበር። ኤሊያኑስ የዘንጉንና የክሩን ርዝመት ሳይቀር ሲነግረን ስለ ማጣበቂያ ግን አንዳች አያነሣም። በ1496 ዊንኪን ደ ወርድ በእንግሊዝ አገር ባተመው የቅዱስ አልባንስ መጽሐፍ ውስጥ በዘንግና በመንጠቆ ስለ ማጥመድ የሚናገር ድርሳን ተጨምሮ 12 የዝንብ ዓይነቶች ተዘረዘሩ። በ1653 የአይዛክ ዋልተን ዝነኛ የማጥመድ መጽሐፍ ታተመ፤ በ1676 ደግሞ ወዳጁ ቻርልስ ኮተን በዝንብ ስለ ማጥመድ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ክፍል ጨመረበት።

በነዚያ ዘመናት ክሩን በቦታው የሚያጸናው ሰም ነበር። ሠሪዎቹ የሚጠቀሙበት ጫማ ሰፊዎች ክራቸውን የሚያሹበትን ዓይነት ሰም ሲሆን፣ ይህም ዝፍት፣ የዛፍ ሙጫና የንብ ሰም ወይም ስብ አብረው ቀልጠው የሚገኝ ድብልቅ ነው። የሐር ክር በዚህ ሰም ሲታሽ አንዱ ጥምጥም በሌላው ላይ እንዳይንሸራተት ይያያዛል፣ ውኃም በቀላሉ አይገባበትም። ይሁንና ሰም ፈጽሞ አይጠነክርም፤ በሙቀት ይለሰልሳል፣ በብርድ ይሰነጠቃል፣ በሠሪው ጣት ላይም ጥቁር እድፉን ይተዋል። ለብዙ መቶ ዓመታት ከዚህ የተሻለ ነገር ባለመኖሩ የዝንብ ጥንካሬ በእጅ ጥብቀት ላይ ብቻ የተመሠረተ ሆኖ ቆየ።

ነገሩን በመጨረሻ የለወጠው እውቀት ግን ከወንዝ ዳር ሳይሆን ከቤተ ሙከራ መነጨ። በ1801 ጀርመናዊው ዮሃን ቪልሄልም ሪተር የፀሐይን ብርሃን በመስተዋት ፕሪዝም ከፋፍሎ በብር ክሎራይድ የተነከረ ወረቀት ላይ ሲያሳርፍ፣ ወረቀቱ ከሐምራዊው ቀለም ባሻገር፣ ዓይን ምንም ብርሃን በማያይበት ሥፍራ፣ ከሌላው ይልቅ ፈጥኖ እንደጠቆረ ተመለከተ። ዛሬ አልትራቫዮሌት የሚባለው፣ የሞገድ ርዝመቱ ከሚታየው ብርሃን ያነሰ ጨረር በዚህ መንገድ ታወቀ። ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒዬፕስ በላቬንደር ዘይት የተሟሟ የይሁዳ ሬንጅ በብረት ሰሌዳ ላይ ቀብቶ ለፀሐይ አጋለጠው፤ ብርሃን የነካው ሬንጅ ጠነከረ፣ ያልነካው ግን በዘይት ታጥቦ ወጣ። በ1826 ወይም በ1827 ከቤቱ መስኮት የተነሣውና እስከ ዛሬ የሚገኘው ፎቶግራፍ የዚህ ሥራ ውጤት ነው። ታሪክ ኒዬፕስን በፎቶግራፍ አባትነት ያስታውሰዋል፤ ፈሳሽ ነገርን በብርሃን ማጠንከርን ለሥራ ያዋለ ሰው በመሆኑ ግን ከዚህ ትረካ አኳያም ቀዳሚው ቦታ ይገባዋል።

ዝንብ ሠሪዎች በበኩላቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደረሱበት ማጣበቂያ ሼላክ የተባለው ቫርኒሽ ነበር። ሼላክ በህንድና በአካባቢዋ ባሉ ዛፎች ላይ የሚኖር ላክ የሚባል ነፍሳት የሚያመነጨው ሙጫ ሲሆን፣ በአልኮል ተሟሙቶ ሲቀባ አልኮሉ ይተንና ደረቅና አንጸባራቂ ሽፋን ይተዋል። በዚሁ ዘመን መንጠቆውም ተለወጠ። ቀድሞ መንጠቆ ቀዳዳ ስላልነበረው ከሐር ትል ሆድ ዕቃ ተስቦ በሚወጣ ጅማት መሰል ክር ላይ ይታሰር ነበር፤ በ1879 ገደማ ሄንሪ ሲንክሌር ሆል በእንግሊዝ አገር ጫፉ ላይ ዓይን ያለው ትንሽ መንጠቆ በውኃ ላይ ለሚንሳፈፈው ደረቅ ዝንብ እንዲስማማ አድርጎ አስተዋወቀ። በ1886 ፍሬድሪክ ሃልፎርድ ከጆርጅ ሰልዊን ማርያት ብዙ ተምሮ ስለ ተንሳፋፊ ዝንቦች አሠራር ያሳተመው መጽሐፍ አዲሱን መንጠቆ በሠሪዎች ዘንድ አጸናው። ከዚያ ወዲህ የዝንቡ ራስ፣ ማለትም ክሩ በመጨረሻ የሚቋጠርበት ሥፍራ፣ ከመንጠቆው ዓይን ጀርባ ሆነ፤ ሠሪውም በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ቫርኒሽ አንሥቶ ክሩን ሲያጠጣ ጠብታው ወደ ዓይኑ ፈስሶ እንዳይደፍነው መጠንቀቅ ግድ ሆነበት። የደፈነው እንደሆነ አጥማጁ በወንዙ ዳር ክር ለማስገባት ይቸገራል።

ቫርኒሽ ከሰም የላቀ ቢሆንም ጊዜን ለአየር አሳልፎ የሚሰጥ ማጣበቂያ ነበር። አልኮሉ እስኪተን ሰዓታት ያልፋሉ፤ ሽፋኑ ወፍራም ከሆነ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ አሟሚው ሲወጣም ሽፋኑ ይኮማተራል። ስለዚህ በቫርኒሽ ክርን ማሰር እንጂ የዝንብ አካል መቅረጽ አይቻልም ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለመኪና ቀለምና ለጥፍር ቀለም የዋለው ናይትሮሴሉሎስ የተባለ ከጥጥና ከእንጨት ቃጫ የሚሠራ ላከር ወደ ዝንብ ሠሪዎች ጠረጴዛ ሲደርስ የማድረቂያው ጊዜ አጠረ፤ የአሠራሩ ጠባይ ግን አልተለወጠም፤ እርሱም በአሟሚ መትነን የሚደርቅ ነውና።

ከዚህ ቀደም ብሎ የዝንብ ማጥመድ ሙያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካም ገብቶ ነበር። በ1905 ኤዋርት ግሮጋን የተባለው እንግሊዛዊ ሰፋሪ ከስኮትላንድ የመጣ የትራውት እንቁላል በኬንያ አበርዴር ተራሮች ወደሚገኘው ጉራ ወንዝ አስገባ፤ በኋላም ከኬንያ የመጣ ትራውት በአገራችን በባሌ ተራሮች ወንዞች፣ በተለይም በዌብ ወንዝ፣ ሊራባ በቃ። በኬንያ ዝንብ ማሰር በጊዜ ብዛት ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚላክ የእጅ ሥራ ሆኖ አደገ። በደርዘን ቆጥሮ ለሚሸጥ ሠሪ የማጣበቂያው መድረቂያ ጊዜ የገቢ ጉዳይ በመሆኑ፣ ይህ የአፍሪካ ሥራ በማጣበቂያ ታሪክ ውስጥ ሊዘለል የማይገባው ነው።

በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ስዊዘርላንዳዊው ፒየር ካስታንና አሜሪካዊው ሲልቫን ግሪንሊ ለየብቻቸው በሠሩት ምርምር ኤፖክሲ የተባለው ማጣበቂያ ተገኘ። ኤፖክሲ ሁለት ፈሳሾች ሲደባለቁ በመካከላቸው በሚፈጠር ኬሚካላዊ ትስስር የሚጠነክር በመሆኑ እንደ ቫርኒሽ የሚተን ነገር አያስፈልገውም፤ ወፍራም ሆኖ ቢፈስም ውስጡ ድረስ ይጠነክራል። ሆኖም ሁሉም ሠሪ ወደ ኬሚስትሪ አላዘነበለም። የእንግሊዙ አቮን ወንዝ ጠባቂ ፍራንክ ሶየር በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው ዝነኛ ዝንብ ክርም ሆነ ማጣበቂያ ሳይነካው ከፌዘንት ወፍ ጭራ ላባና ከቀጭን የመዳብ ሽቦ ብቻ የሚሠራ ነበር፤ ሽቦው ላባውን ያስራል፣ ያከብደዋል፣ ያጠነክረዋልም። የሶየር ዝንብ እስከ ዛሬ በመላው ዓለም መሠራቱ ማጣበቂያ ለመልካም አሠራር ምትክ እንደማይሆን የሚመሰክር ነው።

በብርሃን የሚጠነክር ነገር ፍለጋው ግን በሌላ በኩል ቀጥሎ ነበር። በኮዳክ ኩባንያ ሉዊስ ሚንስክና ባልደረቦቹ ያበጁት፣ ብርሃን ሲነካው የማይሟሟ የሚሆን ፖሊመር በ1950ዎቹ ለኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ሥራ ዋለ። ፖሊመር ማለት ትንንሽ ሞለኪውሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። በ1962 አሜሪካዊው ራፋኤል ቦወን ለጥርስ መሙያ የሚሆን ሬዚን የተባለ አዲስ ሰው ሠራሽ ሙጫ በባለቤትነት አስመዘገበ፤ በ1970 ደግሞ ማይክል ቡኦኖኮር የልጆችን የመንጋጋ ጥርስ ስንጥቆች ለመድፈን በአልትራቫዮሌት የሚጠነክር ሬዚን መጠቀሙን አስታወቀ። ሐኪሞቹ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሰማያዊ ብርሃን ተሻገሩ፤ ሰማያዊው ከአልትራቫዮሌቱ ይልቅ ወደ ሬዚኑ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ ለሕመምተኛውና ለሐኪሙ ዓይንም የሚያሰጋው ያነሰ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙ ሰማያዊ መብራት አፍ ውስጥ አስገብቶ መሙያውን ሲያጠነክር የሚሆነው ነገር በዝንብ ሠሪው ጠረጴዛ ላይ ከሚሆነው ጋር አንድ ነው።

ኤፖክሲ በዝንብ ሥራ ላይ ወደር የለሽ ጌታ ያገኘው በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ባሕር ዳርቻ ነው። ዝንብ ሠሪው ቦብ ፖፖቪክስ በዚያ ያጠምደው የነበረው ብሉፊሽ የተባለው ዓሣ ጥርሱ እንደ መቀስ የሚቆርጥ በመሆኑ በላባና በፀጉር የተሠራን ዝንብ በአንድ ንክሻ ያበላሸዋል። ፖፖቪክስ የዝንቡን ግንባር በኤፖክሲ ሸፍኖ ሰርፍ ካንዲ የተባለውን ዝንብ ፈጠረ፤ የዚህ ዝንብ አካል ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በውስጡ ዓይንና የሚያብረቀርቅ ቃጫ የሚታይበት፣ ከባሕር ዳርቻው ትንንሽ ዓሦች የማይለይ ነበር። አሠራሩን ከኤድ ያዎሮውስኪ ጋር በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ ዘርዝሯል። ከእርሱ በኋላ ማጣበቂያ የዝንቡ አካል ራሱ ሆነ፤ በታሪኩ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ መታጠፊያ የለም።

በኤፖክሲ መሥራት ግን ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነበር። ሠሪው ሁለቱን ፈሳሾች በካርቶን ቁራጭ ላይ እኩል እኩል አንጠባጥቦ በመርፌ ያማስላል፤ ልኩ ከተዛባ ድብልቁ ለሁልጊዜው የሚያጣብቅ ሆኖ ይቀራል፣ ፈጥኖ ካማሰለው አረፋ ይሞላዋል። በአምስት ደቂቃ የሚጠነክረው ዓይነት ተደባልቆ ሲያበቃ ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል፤ በሞርሳ የተያዘውን መንጠቆ ካላዟዟረው ኤፖክሲው በክብደቱ ወደ ሆዱ ይንጠለጠልና ቅርጹ ይበላሻል። ብዙዎች በዝግታ የሚዞር ትንሽ ሞተር አበጅተው ደርዘን ዝንብ ሰክተው ያዞሩ ነበር። ሦስተኛው ዝንብ ላይ ሲደረስ የተደባለቀው ጠንክሮ እንደገና መደባለቅ የተለመደ ነበር። በእንግሊዝ አገር እንደ ራትላንድ ባሉ ሰው ሠራሽ ሐይቆች የሚያጠምዱ ሰዎችም ከሐይቅ ሥር የሚወጣውን የትንኝ ዘመድ ለማስመሰል ቀጭን ዝንባቸውን በኤፖክሲ ይሸፍኑ ነበርና ይህን ድካም በሚገባ ያውቁታል።

በዚህ ጊዜ የብርሃኑ ኬሚስትሪ ወደ ብዙ ሥራ ተሰራጭቶ ነበር። በ1983 ቻክ ሃል የጠረጴዛ ሽፋን በአልትራቫዮሌት መብራት በሚያጠነክር ድርጅት ውስጥ ሲሠራ ያንኑ ፈሳሽ በቀጭን ንጣፍ በንጣፍ እያጠነከረ ቅርጽ ማውጣት እንደሚቻል አስቦ ዛሬ ባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ የሚባለውን ፈጠረ፤ የፈጠራ መብቱንም በ1986 አገኘ። በካሊፎርኒያ የማዕበል ተንሸራታቾች የተሰነጠቀ ሰሌዳቸውን በፀሐይ በሚጠነክር ሬዚን ይጠግኑ ነበር። እንቅፋቱ መብራቱ ነበር፤ አልትራቫዮሌት የሚያመነጩት የሜርኩሪ መብራቶች ትልልቅ፣ የሚግሉና ውድ ነበሩ። በ1993 በጃፓን ኒቺያ ኩባንያ ሹጂ ናካሙራ ኤልኢዲ የተባለውን ትንሽ ብርሃን አመንጪ በደማቅ ሰማያዊ ሲያቀርብ፣ ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ሥራ ጋር ተዳምሮ ሦስቱን በ2014 ለኖቤል ሽልማት ያበቃው መንገድ ተከፈተ። ሰማያዊው ኤልኢዲ ከሚሠራበት ቁስ አልትራቫዮሌት የሚያመነጩ ኤልኢዲዎች ተወለዱ፤ በ2000ዎቹም በኪስ የሚያዝ፣ በትንሽ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የአልትራቫዮሌት መብራት በማንኛውም ሰው እጅ ሊገባ ቻለ።

ሁለቱ የታሪክ ጅረቶች የተገናኙት በ2000ዎቹ መጨረሻና በ2010ዎቹ መጀመሪያ ነው። በአሜሪካና በብሪታንያ ያሉ ድርጅቶች ለዝንብ ሥራ ተብሎ የተሰናዳ፣ አንዳንዱ በአልትራቫዮሌት፣ አንዳንዱም እንደ ጥርስ መሙያው በሰማያዊ ብርሃን የሚጠነክር ሬዚን በመርፌ አፍ ባለው ትንሽ ቱቦ ማቅረብ ጀመሩ። ፖፖቪክስ ራሱ ከኤፖክሲ ወደ ብርሃኑ ሬዚን ተሻገረ። ሬዚኑ አክሪሌት ከሚባሉ ሞለኪውሎችና ብርሃን ሲነካው ከሚሰነጠቅ ጥቂት ቀስቃሽ ኬሚካል የተሠራ ነው፤ በአልትራቫዮሌት በሚጠነክረው ዓይነት ላይ የሞገድ ርዝመቱ ከ365 እስከ 405 ናኖሜትር የሆነ ጨረር ሲያርፍ ቀስቃሹ ተሰንጥቆ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ጓደኛ ፈላጊ ቁርጥራጮች ይፈጥራል፤ እነርሱም አክሪሌቶቹን በሰከንዶች ውስጥ በሰንሰለት ያያይዟቸዋል። በጨለማ ቱቦ ውስጥ ለወራት ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ነገር በጠረጴዛ ላይ አሥር ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ እንደ መስተዋት ይጠነክራል።

የመጣው ለውጥ ፍጥነት ብቻ አልነበረም። ሠሪው ሬዚኑን አንጠባጥቦ፣ በመርፌ አስተካክሎ፣ አረፋውን አውጥቶ፣ ካልወደደውም ጠርጎ እንደገና ለመጀመር የፈለገውን ያህል ጊዜ አለው፤ ቅርጹ ሲያምርለት ብቻ መብራቱን ያበራል። ከሰም፣ ከቫርኒሽና ከኤፖክሲ በኋላ የመጠንከሪያው ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ በሠሪው ውሳኔ ሥር ገባ። አዲሱ ቁስ የራሱን ሕግ አልተወም፤ የአየር ኦክስጅን ሰንሰለቱን ስለሚያቋርጠው የሬዚኑ ገጽ አንዳንዴ እያጣበቀ ይቀርና በአልኮል መጠረግ ይኖርበታል፤ ብርሃን የማያሳልፍ ላባ ሥር የገባው ፈሳሽ ሳይጠነክር ይቀራል፤ ወፍራም ሽፋን በአንድ ጊዜ ከተሠራ ይግላል፣ ይኮማተራል፣ ስለዚህ በስስ በስሱ እየደረቡ ማጠንከር ይሻላል። የመብራቱ ሞገድ ከቀስቃሹ ጋር ካልተስማማም ሬዚኑ ሲታይ የደረቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ አልደረቀም። በመስኮት አጠገብ የሚሠራ ሰውም የቀን ብርሃን ቱቦውን በአፉ ላይ ሊያደርቅበት እንደሚችል ቶሎ ይማራል።

የዚህን ሬዚን ጥቅም ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው በስፔን የተወለደው ፔርዲጎን የተባለ ዝንብ ነው። በአጥማጅነት ውድድር የታወቁት ስፔናውያን በፈጣን ወንዝ ውስጥ ወደ ሥሩ ፈጥኖ የሚሰጥም ዝንብ ፈልገው ከክር በተሠራ ቀጭን አካል ላይ የተንግስተን ዶቃ አኖሩ፤ ተንግስተን በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 19.3 ግራም የሚመዝን ሲሆን እርሳስ 11.3 ግራም ብቻ ነው። አካሉን መጀመሪያ በቫርኒሽና በጥፍር ቀለም ይሸፍኑት ነበር፤ የብርሃኑ ሬዚን ሲመጣ ሽፋኑ ልሙጥ፣ ጠንካራና ወጥ ሆነ፤ ውኃ የሚይዝ ቃጫ ስለሌለበትም ዝንቡ ሳይዋዥቅ ወደ ታች ይወርዳል። በጀርባው ላይ ዶቃው አጠገብ የምትደረገው ጥቁር ነጥብ ሊፈለፈል የተቃረበን ነፍሳት የክንፍ ማቀፊያ ታስመስላለች። የዚህ ዝንብ ሠሪ ግን ሬዚኑ የላላ ክርን እንደሚሸፍን እንጂ እንደማያጠብቅ ማወቅ አለበት፤ በደንብ ያልታሰረ ዝንብ በውብ ሽፋን ሥር ይዞራል።

ከጥቅሙ ጋር ጉዳቱም መጣ። ያልጠነከረ አክሪሌት ቆዳን የሚያስቆጣና አለርጂ የሚያስከትል ነገር ሲሆን፣ በ2012 የአሜሪካ የንክኪ የቆዳ ሕመም ማኅበር አክሪሌትን የዓመቱ አለርጂ አምጪ አድርጎ ሰየመው። ይህ አለርጂ አንዴ ከተፈጠረ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነው፤ የተጠቃውም ሰው በኋላ ከጥርስ መሙያ ወይም ለመገጣጠሚያ ቀዶ ጥገና ከሚውል የአጥንት ሲሚንቶ ጋር ሊቸገር ይችላል። በአዲስ አበባ የውበት ሳሎኖች የሚሠራው የጄል ጥፍር የዚሁ ኬሚስትሪ ቤተሰብ ነው። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ቲፒኦ የተባለውን ብርሃን ቀስቃሽ በመዋቢያዎች ውስጥ እንዳይገባ ከልክሏል፤ ምክንያቱም ለመራባት ጤና አደገኛ ተብሎ መመደቡ ነው። ክልከላው የሚመለከተው መዋቢያዎችን በመሆኑ ለዝንብ ሥራ የሚሸጠውን ሬዚን አይነካም። ስለዚህ ይህን ቁስ የሚገዛ ሠሪ በቱቦው ላይ የተጻፈውን ሊያነብ፣ ስስ የላቴክስ ጓንት አክሪሌትን ፈጥኖ ስለሚያሳልፍ የናይትራይል ጓንት ሊያደርግና ቶሎ ቶሎ ሊቀይረው፣ መብራቱን ወደ ዓይኑ ላያዞር፣ ከሁሉም በላይ ያልጠነከረ ሬዚን ቆዳውን እንዳይነካ ሊጠነቀቅ ይገባል።